አራተኛው ምስክር

መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ ሁለት ሰዓት አለው። አንዱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነው፤ ሌላው ባለሱቁ የያዘው ስልክ። የግድግዳው ሦስት ሲል ስልኩ ዘጠኝ ይላል። ደንበኛ ገብቶ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲለው፣ ባለሱቁ ስልኩ ላይ ዘጠኝን አንብቦ «ሦስት» ብሎ ይመልሳል። ዘጠኝ አይቶ ሦስት ማለቱ ለእሱም ለጠያቂውም አይታወቃቸውም። ያው ሰው የአውሮፕላን ትኬት ሲቆርጥ ዘጠኝ ይላል፤ ወደ ሠራተኛው ዞር ሲል ሦስት ይላል። በቀን ስንቴ የስድስት ሰዓት ገደል ይሻገራል፤ በዚህ ምክንያት የተበላሸበት ቀጠሮ ግን የለም።

የእጅ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱን ያላወቀ መንገደኛ ደግሞ አውቶቡስ ተራ ሲደርስ አውቶቡሱ ሄዷል። ስድስት ሰዓት ያላበላሸውን አምስት ደቂቃ አበላሸው። ይህን እንደ ተራ ነገር ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን የነገሬ ሁሉ መሠረት ላደርገው ፈለግሁ። የታወቀ ልዩነት ምንም ያህል ቢሰፋ ስሕተት አይባልም፤ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ያልታወቀ ልዩነት ግን ምንም ያህል ቢያንስ ስሕተት ነው።

ከሁለቱ ሰዓቶች ትክክለኛው የትኛው ነው የሚል ሰው ይኖራል። የእኛ ቆጠራ ቀኑን ከንጋት ስለሚጀምር ለፀሐይ የቀረበ ነው ብለን እንኮራለን። ኩራቱ አይከፋም፤ ፀሐይ ግን አትመሰክርልንም። አገራችን የምትጠቀምበት የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት የተቀመረው ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ርቆ በሚያልፈው የ45 ዲግሪ የኬንትሮስ መስመር ላይ ነው። ከተማችን ያለችው 38.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በመርካቶ ሰማይ ከፍታዋን የምትይዘው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ እሱም እንደ ወራቱ እስከ ሩብ ሰዓት ድረስ ወዲያና ወዲህ ይላል። ግድግዳውም ስልኩም ከሰማይ ጋር አይገጥሙም። የሚገጥሙት እኛ ከተስማማንበት ጋር ነው።

የመርካቶ ሰዓት ሠሪ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ከፊቱ ባለች የመስታወት ሣጥን ውስጥ ማሰሪያቸው የተበጠሰ፣ መስታወታቸው የተሰነጠቀ ሰዓቶች ተደርድረዋል። አንድ አዛውንት ሰዓታቸውን ፈትተው ሲሰጡት፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጀርባዋን ከመክፈቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ቆማ ነው ወይስ ወደ ኋላ ትቀራለች?» ቆማ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ባትሪ ይቀይራል፣ መሙያዋን ስቦ ያስተካክላታል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። ወደ ኋላ የምትቀር ከሆነች ግን አሁን ቢያስተካክላት ነገ ተመልሳ ትሳሳታለች። የፊተኛዋ ችግር ያለችበት ቦታ ነው፤ የኋለኛዋ ችግር አካሄዷ ነው። የፊተኛው አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ይቀራል፤ የኋለኛው ዘወትር መከታተልን ይጠይቃል።

አካሄዱ ፍጹም የሆነ ሰዓት ደግሞ የለም። በባትሪ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ልቡ ኳርትዝ የሚባል ትንሽ ክሪስታል ነው፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ሙቀት ሲበዛም ሲያንስም ርግብግቡ ይዘገያል። ተራ የሚባለው በወር እስከ ሩብ ደቂቃ ያህል ይሳሳታል። ለቀጠሮ፣ ለጸሎት፣ ለአውቶቡስ ይህ ምንም አይደለም። ለርቀት ግን ሌላ ነው።

ሰዓት ከርቀት ጋር ምን አገናኘው? አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን መርካቶ ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው። አዛኑም ሆነ ደወሉ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ደወሉ የተመታበትን ቅጽበት የሚያውቅ ሰው ድምፁ ጆሮው የደረሰበትን ቅጽበት ከያዘ፣ በመካከል ያለፈውን ጊዜ በ340 አባዝቶ ከራጉኤል ምን ያህል እንደራቀ ያገኛል። ዘዴው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የመታው ሰውና የሰማው ሰው ሁለት ሰዓት ይዘዋል። የሁለቱ ሰዓት በአንድ ሰከንድ ብቻ ካልተስማማ ሰሚው በ340 ሜትር ተሳስቷል፤ ሸማ ተራ ቆሞ ሌላ ተራ ያለ ይመስለዋል።

አሁን ድምፁን ትተን ሬዲዮን እንውሰድ። የሬዲዮ ሞገድ በባዶ ጠፈር በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል። ያችው የአንድ ሰከንድ አለመስማማት እዚህ ላይ እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት ከሦስት አራተኛ የሚበልጥ ስሕተት ትሆናለች። የሰከንድ አንድ ሺህኛ፣ ሚሊ ሰከንድ የምንላት፣ 300 ኪሎ ሜትር ናት፤ በቀጥታ መስመር ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሊደርሱ ትንሽ ሲቀር ነው። የሰከንድ ሚሊዮንኛ 300 ሜትር ናት፤ ያው ተራ ከተራ የሚያሳስት። የሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ ናኖ ሰከንድ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ናት፤ ከአንድ ክንድ ያነሰች። ያለ ገመድ ርቀት መለካት የሚባለው ሥራ ሁሉ ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር የሚደረግ ትግል ነው። ርቀቱን የሚያውቀው ሞገዱ ነው፤ የሚያሳስተን የራሳችን ሰዓት ነው።

ይህ ትግል በየቀኑ መርካቶ ውስጥ ይካሄዳል፤ የሚያየው ሰው ግን የለም። የታክሲ ሾፌር ተሳፋሪውን ለማግኘት ስልኩን ሲከፍት፣ ስልኩ ከ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚመጣ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ቃል ያዳምጣል። እያንዳንዱ ሳተላይት የሚለው «እኔ እገሌ ነኝ፤ ያለሁት እዚህ ነው፤ ይህን የተናገርሁት በዚህ ሰዓት ነው» የሚል ነው። ሳተላይቱ የያዘው አቶሚክ ሰዓት ነው። ስልኩ የያዘው በርካሽ የሚገዛ ክሪስታል ነው። ቃሉ ለመድረስ ከ67 ሚሊ ሰከንድ ያላነሰ ይፈጅበታል፤ ስልኩ ግን ይህን የሚለካበት የታመነ ሰዓት የለውም። ታዲያ እንዴት ያገኘዋል?

በጠፈር ውስጥ አንድን ቦታ ለመለየት የሦስት ሳተላይቶች ርቀት ይበቃ ነበር። የአድማጩ ሰዓት እውነተኛ ቢሆን ኖሮ፣ ሦስት ምስክር ቆሞ ጉዳዩ በተዘጋ። ስልኩ ግን አራተኛ ይጠራል። አራተኛው የሚመሰክረው ስለ ቦታው አይደለም፤ ስለ ሰሚው ነው። የስልኩ ሰዓት የተሳሳተው በአንድ መጠን ስለሆነ፣ ከአራቱም ሳተላይቶች ያለው ርቀት በዚያው መጠን ይረዝማል ወይም ያጥራል። አራቱ ርቀቶች በአንድ ነጥብ ላይ አልገናኝ ሲሉ፣ ስልኩ «ከሁሉም ላይ ስንት ብቀንስ ይገናኛሉ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ የራሱ ሰዓት ስሕተት ነው። ቀንሶ ሲጨርስ ቦታውን አገኘ፤ በዚያው መንገድ የሰከንድ ሚሊዮንኛን አሳንሶ የሚያውቅ ሰዓት ባለቤት ሆነ።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር ከምሕንድስና ይልቅ የግብረ ገብ ትምህርት ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ከእኔ ራቀ የሚል ሰው አለ፤ ወንድሙ ራቀ፣ ጎረቤቱ ራቀ፣ የሥራ ባልደረባው ራቀ። የጂፒኤስ ሒሳብ ለዚህ ሰው የሚለው አለው። አንዱ ብቻ ከራቀህ ምክንያቱ እሱ ዘንድ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም በአንድ መጠን ከራቁህ ግን መጀመሪያ የራስህን ሰዓት መርምር። ሰው ራሱን በአንድ ወዳጅ ምክር አያውቅም፤ እርስ በርስ ያልተማከሩ ብዙ ምስክሮች ያስፈልጉታል።

ሳተላይቱም ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም። የስበት ኃይል በሳሳበት ከፍታ ሰዓት ይፈጥናል፤ በፍጥነት ሲሄድ ደግሞ ይዘገያል። አንስታይን ያስተማረን ሁለቱ ውጤቶች ተቀናንሰው የሳተላይቱ ሰዓት ከምድሩ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል። ዝም ቢባል በአንድ ቀን ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የርቀት ስሕተት ይሆናል። መሐንዲሶቹ ያደረጉት ምንድን ነው? 10.23 ሜጋኸርዝ መምታት ያለበትን ሰዓት፣ ገና ምድር ላይ ሳለ፣ 10.22999999543 እንዲመታ አዘገዩት። እዚያ ላይ ትክክል እንዲሆን እዚህ ስሕተት አደረጉት። ትክክለኛነት ሰዓቱ ብቻውን የሚይዘው ባሕርይ አይደለም ማለት ነው፤ የት ቆሞ ለማን እንደሚቆጥር ካልተነገረ «ትክክል» የሚለው ቃል ባዶ ነው።

መርካቶ ግን ለአራተኛውም ምስክር ታስቸግራለች። ሞገዱ ከመስታወት ሕንፃ ወይም ከቆርቆሮ ጣራ ተንጸባርቆ ሲመጣ መንገዱ ይረዝማል፤ የአንዱ ሳተላይት ርቀት ብቻውን ያብጣል። ይህ የጋራ ስሕተት ስላልሆነ ከሁሉም ላይ እኩል ቢቀነስ አይወጣም። ያኔ ሾፌሩ በስልኩ ካርታ ላይ ከመንገዱ ማዶ ዘልሎ ይታያል። ተሳፋሪዋ ትደውላለች። «የት ደረስህ?» «ምናለሽ ተራ መግቢያው ጋ ነኝ፣ እትዬ።» «እኔም እዚያው ነኝ እኮ!» «እጅዎን ከፍ ያድርጉልኝ እስኪ።» ከሰማይ የመጣው የአንድ ወገን ንግግር ያልፈታውን የሁለት ወገን ንግግር ይፈታዋል።

ሁለተኛው የመለኪያ ዘዴም ይኸው ነው። ዝም ብሎ ከማዳመጥ ይልቅ መጠየቅና መልስ መቀበል። ደቡብ አፍሪካዊው ትሬቨር ዋድሊ የሠራው ቴሉሮሜትር የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1957 ይፋ ሲሆን፣ የመሬት ቀያሾች በአንድ ጊዜ በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት በማይክሮዌቭ ለመለካት ቻሉ። አንዱ ኮረብታ ላይ ላኪ ይቆማል፤ ሌላው ላይ መላሽ። ሞገዱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ላኪው የላከበትንም የተቀበለበትንም ጊዜ የሚይዘው በራሱ ሰዓት ስለሆነ፣ የሁለቱ ሰዎች ሰዓት መስማማት አለመስማማቱ ከሒሳቡ ይወጣል። አንዱ ሦስት ቢል ሌላው ዘጠኝ ቢል ግድ የለም። ዛሬ በእጅ ስልክ የጠፋ ቁልፍ የሚፈልገው ዩደብሊውቢ የተባለው ቴክኖሎጂም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ አይፎኖች የዚህን ቴክኖሎጂ ቺፕ ይዘው መርካቶ ይሸጣሉ።

ግን ሰዓት ሠሪው የጠየቀው ጥያቄ እዚህም ይመለሳል። ምልልሱ የፈወሰው ልዩነቱን ነው፤ አካሄዱን አልፈወሰም። መላሹ ጥያቄው እንደደረሰው ወዲያው አይመልስም፤ ተቀብሎ፣ አስቦ፣ አዘጋጅቶ ለመላክ አንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆያል እንበል። «አንድ ሚሊ ሰከንድ አቆይቻለሁ» ብሎም ይናገራል። ላኪው ያንን ከጠቅላላው ጊዜ ላይ ቀንሶ ቀሪውን ለሁለት ይካፈላል። የመላሹ ሰዓት ከላኪው በሚሊዮን 20 ቢለይ፣ በዚያ አንድ ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 20 ናኖ ሰከንድ ተዛብቷል፤ ለሁለት ሲካፈል 10፤ በርቀት ሲታሰብ 3 ሜትር። ሁለቱ ዕቃዎች በ10 ሜትር ተራርቀው ቢሆን ሞገዱ ለመሄድ የሚፈጅበት 33 ናኖ ሰከንድ ብቻ ነው። ከጉዞው ይልቅ ቆይታው በለጠ ማለት ነው። መልእክት በመንገድ ላይ ከሚበላሸው ይልቅ ተቀባዩ ዘንድ ሲቆይ የሚበላሸው ይበዛል።

መፍትሔው እንደገና መጠየቅ ነው፤ በዚህኛው ዙር ግን መላሹ ጠያቂ ይሆናል። ሁለቱም አንድ አንድ ምልልስ ይለካሉ፣ ሁለቱም አንድ አንድ ቆይታ ይመዘግባሉ። ከዚያ ሁለቱን ምልልሶች ያባዛሉ፤ ከዚህ ላይ የሁለቱን ቆይታዎች ብዜት ይቀንሳሉ፤ የተገኘውን ለአራቱ ጊዜያት ድምር ያካፍላሉ። ውጤቱ የአንድ መንገድ ጉዞ ጊዜ ነው። ቅድም 3 ሜትር የነበረው ስሕተት በዚህ ሒሳብ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል። የአንዱም ሰዓት አልተስተካከለም። ሁለቱም እንደተሳሳቱ ናቸው፤ ስሕተታቸው ግን በላይም በታችም ስለተጻፈ ተጣፋ።

ይህ ብልሃት ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ የቀኑን ሰዓት በጥላ ርዝመት የሚያሳይ ሠንጠረዥ በየወሩ ተጽፎ ይገኛል፤ ጥላው የሚለካው በጫማ፣ ማለት በለኪው በራሱ እግር ነው። ላይ ላዩን ሲታይ እግር ደካማ መለኪያ ነው፤ የረጅሙና የአጭሩ ሰው እግር አይተካከልም። ሆኖም ረጅም ሰው ጥላውም ረጅም ነው፤ እግሩም እንዲሁ። የራሱን ጥላ በራሱ እግር የለካ ሰው ቁመቱ ከሒሳቡ ይወጣለታል፤ አጭሩም ረጅሙም በግምት አንድ ቁጥር ያገኛሉ። ስሕተት የሚመጣው የአንዱን ጥላ በሌላው እግር ስንለካ ነው። የጾም መፍቻውን ሰዓት ሲጠብቅ ጥላውን በእግሩ የለካ መነኩሴና የዛሬው ቺፕ በአንድ ሐሳብ ይገናኛሉ፦ ፍጹም መለኪያ ከመፈለግ የጎደለውን መለኪያ በሁለቱም ወገን ማስገባት።

ቅድም «መላሹ ያቆየውን ጊዜ ይናገራል» ብያለሁ። ቢዋሽስ? ብዙ አቆይቻለሁ ብሎ ጥቂት ያቆየ መላሽ፣ ከሚገባው በላይ ስለሚቀነስለት፣ ቀርቦ ይታያል። የመኪና ቁልፍ በኪስ ሳለ በር የሚከፍተውን ሥርዓት ሌቦች የሚያታልሉት በዚህ ዓይነት ቀዳዳ ነው፤ ሩቅ ያለውን ቁልፍ ቃል እየተቀባበሉ አምጥተው ቅርብ ያስመስሉታል፤ መኪናው የቁልፉን ቃል እንጂ የቃሉን መንገድ አይለካም። ስቴፋን ብራንድስና ዴቪድ ቻውም እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡት ዘዴ ይህን ለመዝጋት ነበር። ለመላሹ አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችል ጥያቄ ይሰጠዋል፤ ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ ግን አይሰጠውም። ከብርሃን የሚፈጥን የለምና፣ አታላዩ ቢዘገይ ርቆ ይታያል፤ ቀርቦ መታየት ግን አይችልም። ሐሰተኛ ራሱን ማራቅ ይችላል፤ ያልቀረበውን ቀረበ ማሰኘት የሚችለው ጊዜ ስንሰጠው ብቻ ነው።

ርቀት ለጨዋነትም ይለካል። የጂኤስኤም ስልክ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። በዚህ ሥርዓት አንዱን ሞገድ ስምንት ሰዎች በተራ ይጠቀሙበታል፤ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው 577 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ከአንቴናው የራቀው ሰው ድምፁ ስለሚዘገይ በሌላው ተራ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አንቴናው ርቀቱን ከመዘግየቱ ለክቶ «አንተ ቀደም ብለህ ጀምር» ብሎ ያዘዋል። ትእዛዙ የሚሰጠው በደረጃ ነው፤ አንዱ ደረጃ 3.69 ማይክሮ ሰከንድ ነው፣ የምልልስ ጊዜ ስለሆነ ለሁለት ሲካፈል በርቀት 550 ሜትር ገደማ። ሩቅ ያለው ቀድሞ ይናገራል፣ ቅርብ ያለው ይቆያል፣ ሁሉም በሰዓቱ ይደርሳል። እኩል መድረስ የተገኘው በእኩል መነሣት አይደለም። በእኩልነት ስም ሩቁንና ቅርቡን በአንድ ሰዓት ተነሡ የሚል ደንብ ሁሉ ከዚህ የስልክ ሥርዓት ያነሰ አስተዋይ ነው።

ከመርካቶ ብዙ ሳይርቅ፣ አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ግቢ፣ በዓለም አቀፍ መረብ የሚታወቅ የጂፒኤስ መቀበያ ጣቢያ አለ። ሥራው ቦታውን ያለ ማቋረጥ መመዝገብ ነው። ምድር ትንቀሳቀሳለችና፤ በስምጥ ሸለቆው ማዶና ማዶ ያሉት ሁለት የምድር ንጣፎች በዓመት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ያህል እየተራራቁ ናቸው። በብርሃን ጉዞ ሲሰላ 5 ሚሊ ሜትር ማለት የናኖ ሰከንድ ሃምሳኛ እንኳ አትሞላም። ያን ያህል የታመነ ሰዓት በመቀበያው ውስጥ የለም። ሳይንቲስቶች የሚያደርጉት ግን ይህ ነው፦ ሁለት ጣቢያዎች አንዱን ሳተላይት በአንድ ጊዜ ያዳምጣሉ፤ የአንዱ ንባብ ከሌላው ሲቀነስ የሳተላይቱ ሰዓት ስሕተት ይጠፋል። ሌላ ሳተላይት ጨምረው እንደገና ሲቀንሱ የጣቢያዎቹ ሰዓት ስሕተትም ይጠፋል። የቀረው ምድር ራሷ ናት። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲያነቃንቅ፣ ሰው ሁሉ ደንግጦ በአንድ ጊዜ ያወቀውን እነዚህ መሣሪያዎች ዓመት ሙሉ በዝግታ ሲያውቁት ኖረዋል።

እስከዚህ ድረስ ያልሁት ሁሉ ስሕተት በምልልስና በመቀናነስ ይወጣል የሚል ነው። የማይወጣ ስሕተት የለም ወይ? አለ፤ ሐተታው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው።

የምልልሱን ጊዜ ለሁለት ስንካፈል፣ መሄጃውና መመለሻው እኩል ናቸው ብለን ነው። እኩል ካልሆኑስ? ከሁለቱ ጫፍ ተቀምጦ ይህን የሚያውቅ የለም። ለማወቅ የመሄጃውን ጊዜ ብቻውን መለካት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ የተስማሙ ሰዓቶች ያስፈልጋሉ፤ ሰዓቶቹን ለማስማማት ደግሞ መሄጃውና መመለሻው እኩል ናቸው ማለት ያስፈልጋል። ዴቪድ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው፣ እስከ ዛሬ የዓለም ኮምፒውተሮች ሰዓታቸውን በሚያስማሙበት ሥርዓት ውስጥም ይህ ጉድለት አለ፤ የመንገዱ አለመመጣጠን ስሕተት ሆኖ ይገባል፣ ምልልስ ቢደጋገምም አይገለጥም። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ጽሑፉ ይህን ሳይሸሽ ተናግሮታል። ብርሃን ለመሄድ የሚወስድበት ጊዜ ለመመለስ ከሚወስድበት ጋር እኩል ይሁን ብሎ በድንጋጌ አቆመው። በልኬት ሁሉ ሥር ያልተለካ ስምምነት አለ ማለት ነው።

የመርካቶ ድርድር ይህን ያሳየናል። ሻጩ 1,000 ብር ይላል፣ ገዢው 600። ከብዙ ምልልስ በኋላ አንዱ «በቃ መሐሉን እንውሰድ» ይላል፤ 800። ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ሻጩ ዕቃው በ500 እንደገባለት ያውቃል፤ ገዢው የሚያውቀው የሰማውን ብቻ ነው። ሁለቱ የተነሡበት ቦታ ስላልተመጣጠነ መሐሉ መሐል አይደለም። ምልልሱ ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ይህን አያወጣውም፤ የሚያወጣው ከሌላ ሱቅ ዋጋ የጠየቀ ሦስተኛ ሰው ነው። ስለ ውይይት፣ ስለ ሽምግልና፣ ስለ እርቅ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንረሳው ይህን ነው። ሁለት ወገን ማነጋገር ትልቅ ነገር ነው፤ የየራሳቸውን የሰዓት ልዩነት ያጣፋል። ለሁለት መካፈል ግን የሚያስታርቀው መንገዳቸው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። የአንዱ ቃል በቀጥታ የሚደርስ፣ የሌላው ቃል በብዙ ደጅ ዞሮ የሚደርስ ከሆነ፣ መሐሉን ያለ ዳኛ ለባለ አጭር መንገዱ ፈርዷል።

«እንግዲያ ሁሉም በስምምነት ከሆነ እውነት የት አለ?» የሚል ተስፋ ቆራጭ ይኖራል። ስምምነት ማለት እንደልብ ማለት አይደለም። መሄጃና መመለሻ እኩል ናቸው ብለን የተነሣንበት ሒሳብ ሾፌሩን ከተሳፋሪዋ ያገናኛል፤ የምድርን የ5 ሚሊ ሜትር እርምጃ ይይዛል። ሒሳቡ የተሳሳተ ቢሆን ሌላ ጣቢያ፣ ሌላ ሳተላይት፣ ሌላ መንገድ ባጋለጠው። ስድስት ሰዓት የሚለያዩት የሱቁ ሁለት ሰዓቶችም በስምምነት ይኖራሉ፤ ቀጠሮውን ያጣ ሰው ግን ስምምነቱን አመካኝቶ አያመልጥም።

አንባቢ ሆይ፣ ዘመናችን የአንድ ወገን ንግግር የበዛበት ነው። ከሩቅ ሆኖ ስለ ሌላው ርቀት የሚነግረን ብዙ ነው፤ እገሌ ከእኛ ይህን ያህል ርቋል፣ ያኛው ሕዝብ ይህን ያህል ተለይቷል ይለናል። ቁጥሩን ከመቀበልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። የተባለለት ወገን መልስ ሰጥቷል ወይ? መላሹስ ቃሉን ለምን ያህል ጊዜ እንዳቆየው፣ በየት በኩልም እንደላከው ተናግሯል ወይ? ከሁለቱ ውጭ የሆነ፣ ስለ ለኪው ስለ ራሱ የሚመሰክር ምስክርስ ቆሟል ወይ? እነዚህ ያልተሟሉለት ቁጥር ግምት ነው። መገመት ነውር የለውም፤ ነውሩ ግምትን ልኬት ብሎ መሸጥ ነው።